ፖስትግሬስ ዴስክቶፕ ላይ ፈጣን ነበር፣ ቨርቹዋል ማሽን ላይ ለምን ተንቀራፈፈ?

ጠያቂ (ቱሉ ዲምቱ)፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ እስቲ እርዱኝ። የምሠራው የግንባታ ዕቃ መጋዘን ውስጥ ነው። የፖስትግሬስ ዳታቤዛችን ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ተራ ዴስክቶፕ ላይ ነበር፣ ኤስኤስዲ ያለው፣ 8 ጊጋ ራም። አሁን ሰርቨር ተገዛና ቨርቹዋል ማሽን (ሰርቨሩ ውስጥ በሶፍትዌር የተፈጠረ ኮምፒውተር) ላይ አዛወርኩት፤ ራሙን 16 ጊጋ አደረግኩለት። ወር ሲዘጋ ከየቅርንጫፉ የሚመጣውን 60,000 መስመር ሽያጭ ለማስገባት ድሮ አንድ ደቂቃ ይበቃን ነበር፣ አሁን 9 ደቂቃ ይፈጃል። ሪፖርት ሲወጣ ግን ደህና ነው። አለቃዬ ወደ ድሮው መልሰው እያለኝ ነው።

መልስ (ሰበታ)፦
ሌሎቹ ማሽኖች ሲፒዩውን እየተሻሙት እንዳይሆን። ቶፕ የሚለውን ትዕዛዝ ክፈትና «ኤስቲ» የሚለውን ቁጥር እይ፣ ሌሎቹ የወሰዱብህን የሲፒዩ ጊዜ ያሳያል። የተረሳ ስናፕሾት (የማሽኑ የቀድሞ ሁኔታ ቅጂ) ካለም አጥፋው፣ መጻፍ ያዘገያል።

ጠያቂ፦
ኤስቲ ዜሮ ነው፣ ስናፕሾትም የለም። ዲስኮቹ ሁለት ባለ 7200 ሃርድ ዲስክ ናቸው፣ ሬይድ 1 (ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ዳታ የሚጻፍበት)፣ የሬይድ ካርዱ መብራት ቢጠፋ ገና ያልተጻፈውን የሚያቆይ ባትሪ የለውም። ፕሮግራማችን እያንዳንዱን መስመር ለብቻው ነው ኮሚት የሚያደርገው (የሚያጸድቀው)።

መልስ (ለገጣፎ)፦
በቃ ተገኘ! ፖስትግሬስ ኮሚት ባልክ ቁጥር ሎጉ (የለውጦቹ መዝገብ) ዲስክ ላይ መድረሱን ሳያረጋግጥ እሺ አይልህም። በደቂቃ 7200 ዙር ማለት በሰከንድ 120 ነው፣ ተራ በተራ የሚገባ ኮሚትም ከዚያ ብዙ አያልፍም። 60,000ን ለ120 አካፍለው፤ 500 ሰከንድ፣ ያው ወደ 9 ደቂቃህ ነው። ቨርቹዋል ማሽኑን አትውቀሰው ወንድሜ፣ ሰርቨሩ ላይ በቀጥታ ብትጭነውም ለውጥ የለውም። ሪፖርት ያልዘገየብህ ማንበብ ይህን ስለማይጠብቅ ነው። መስመሮቹን ሰብስበህ በአንድ ትራንዛክሽን፣ ማለትም በአንድ ኮሚት፣ አስገባቸው። ከፖስትግሬስ ጋር የሚመጣውን ፒጂ ቴስት ኤፍሲንክ የሚባለውን የዲስክ መለኪያም ዴስክቶፑም ሰርቨሩም ላይ አስኪደው፣ ልዩነቱን በዓይንህ ታያለህ።

መልስ (ቡራዩ)፦
ኤፍሲንክን (ዲስክ ላይ መድረሱን የሚያረጋግጠውን ቅንብር) አጥፋው የሚልህ ሰው ከመጣ እንዳትሰማው፣ በእናትህ! እኔ አጥፍቼው መብራት ድርግም አለና ዳታቤዙ ተበላሸ፣ የሁለት ቀን ሥራ ከወረቀት ደረሰኝ ላይ እንደገና ለቀምን። የግድ ከሆነ ሲንክሮነስ ኮሚትን (ኮሚት ዲስኩን እንዲጠብቅ የሚያደርገውን ቅንብር) አጥፋ። መብራት ቢሄድ የመጨረሻዎቹ ጥቂት መዝገቦች ሊጠፉ ይችላሉ፣ ዳታቤዙ ግን አይበላሽም። ለሽያጭ ሒሳብ ግን እሱንም አልመክርህም።

ጠያቂ፦
አደረግኩት፣ 14 ሰከንድ! እግዜር ይስጥልኝ። መጀመሪያ ላይ አንድ የተደገመ ደረሰኝ ቁጥር ሁሉንም ወደ ኋላ መለሰብኝ፣ ስለዚህ አሁን አንድ ሺህ አንድ ሺህ እያደረግኩ ነው የማስገባው።