የሥራ ማስኬጃ በጀታችን ይቀነስ ተባለ፤ ከየት እንቁረጥ?

ከተማ ዳር ያለሁ መምህር

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ዳር ያለ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው የማስተምረው። የትኛው እንደሆነ ይቅር፣ እንጀራዬ ነው። የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል ኃላፊነት ተራ ደርሶኛል። ማንም የሚፈልገው ወንበር አይደለም፤ ኮርስ ይቀነስልህና ስብሰባ ይጨመርልሃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሚቀጥለውን ዓመት የሥራ ማስኬጃ ዝቅ አድርጋችሁ አምጡ ተባልን። ስንት ዝቅ ይበል? ደብዳቤው "በተቻለ መጠን" ይላል፣ በቃ። ደመወዝ አይነካም። የተማሪ ምግብም አይነካም፣ መነካትም የለበትም። የቀረው ኬሚካል፣ የላብ (የላብራቶሪ) ዕቃ፣ ወረቀትና ቶነር፣ የመስክ ጉዞ፣ ነዳጅና ጥገና ነው፤ ይኼ ደግሞ ሁሉም ተደምሮ ድሮም አንድ ሴሚስተር በቅጡ አያስኬድም ነበር።

እንዲገባችሁ አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። ሲልቨር ናይትሬት የሚባለውን የላብ ኬሚካል ልንገዛ ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ሰበሰብን። አቅራቢው ከታች "ዋጋው የሚጸናው ለሦስት ቀን ብቻ" ብሎ ጽፎበታል። እኛ ቤት በሦስት ቀን ፊርማ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው አይሻገርም። እስኪፈረም ዋጋው ሄደ። አሁን ተማሪዎቹ አንድ ቡሬት (ቧንቧ ያለው የመለኪያ ብርጭቆ) ዙሪያ ተኮልኩለው ይቆማሉ፤ አንዱ ቧንቧውን ይከፍታል፣ የቀሩት በስልካቸው ይቀርጻሉ። ላብ ሠሩ ብለን ማርክ እንሰጣለን።

ሌላው ወሬ ደግሞ የሠራተኛው ሰርቪስ ነው። ኮዬ ፈጬ ድረስ የሚገባው አውቶቡስ ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ላይ ያውርዳችሁ ሊባል ነው አሉ። ግማሹ ሠራተኛ ኮንዶሚኒየም የደረሰው እዚያ ነው። ከአደባባዩ ወዲያ ያለውን የታክሲ ሰልፍ የሚያውቅ ያውቀዋል።

እና ጥያቄዬ፦ በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ ከየት ቆረጣችሁ? ከሁሉም ትንሽ ትንሽ መቀነስ ይሻላል ወይስ አንዱን ጥሎ ሌላውን ማትረፍ? እባካችሁ "መንግሥት ይጨምር" የሚለውን እናውቀዋለን፣ እሱን ተዉት።

ሒሳብ ክፍል

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ይኼን አጣራ። የተቀነሰው በጀቱ ነው ወይስ ካሹ? ሰው ሁሉ ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። በጀት ጸድቆልህ ገንዘቡ በጊዜው ካልተለቀቀ ወረቀት ነው የያዝከው። ጣሪያው ከወረደ መቁረጥ አለብህ። ካሹ ከሆነ የዘገየው ግን መቁረጥ ሳይሆን ማስቀደም ነው ያለብህ። ኬሚካልህን ሐምሌ ላይ ጠይቅ፤ ወንበርና መጋረጃ ይቆይ።

የምታየው ነገር ምንድነው፣ የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ ሰኔ 30 ያልተነካው ገንዘብ ይመለሳል፣ ስለዚህ ግንቦት ሲገባ ግዥ ክፍል በር ላይ ሰልፍ ነው። ያኔ የሚገዛው የሚያስፈልገው ሳይሆን ቶሎ የሚገዛው ነው። ቶነር ቶሎ ይገዛል። ሲልቨር ናይትሬት ቶሎ አይገዛም። በዚህ የተነሳ በየዓመቱ የምትከስረው አንተ ነህ፣ በጀት ሳይቀነስብህም።

"ሕንፃ እየተሠራ ኬሚካል የለም" የሚል እንደሚመጣ አውቃለሁ። ከካፒታል (የግንባታው በጀት) ወደ መደበኛ (ወደ ሥራ ማስኬጃው) ማዞር ሕጉ አይፈቅድም፣ ዲኑም ፕሬዚዳንቱም ቢፈልጉ አይችሉም። በመደበኛው ውስጥ ግን ከአንዱ የወጪ ኮድ ወደ ሌላው ዝውውር ይጠየቃል። 6231 ላይ የተያዘ ውሎ አበል ካላችሁ ሳይበላ በፊት ጠይቁ። ከጥር በኋላ የሚመጣ የዝውውር ጥያቄ እኛ ጋ ሲደርስ ሒሳቡ አልቆ ነው የሚደርሰው።

ሌላ፣ ንብረት ክፍል ራስህ ሂድ። ሰው አትላክ። በሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ገብቶ በሞዴል 22 (የወጪ ደረሰኝ) ያልወጣ ስንት ዕቃ አለ መሰለህ፣ የጎረቤት ትምህርት ክፍል አዝዞ የረሳው።

ቪኤይቱ ይሸጥ

ሃሃሃ ወረቀትና ቶነር ይቆረጣል እሺ። ስለ ቁጠባ የሚሰጠው ሥልጠና ግን ቢሾፍቱ ሆቴል ውስጥ ይሆናል፣ አበል አለው፣ ትራንስፖርት አለው፣ ባነር አለው፣ ቦርሳና ማስታወሻ ደብተር ይታደላል። ግቢው ውስጥ ያለው አዳራሽ ተቆልፎ አቧራ ይጠጣል። ከዚያ ይጀመር፣ ሌላው በኋላ።

ሒሳብ ክፍል

ባነሩን አልከራከርህም 😀 ስምህ ላይ ይሸጥ ያልከው ቪኤይት መኪና ግን ተሸጦ አንዴ ነው የሚበላው። በየወሩ የሚበላህ ነዳጁና ጎማው ነው።

ጡረታ የወጣሁ መምህር

ልጄ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው፣ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ፣ ጊዜ አለኝ።

ኢኮኖሚ ሲደክም ዩኒቨርሲቲዎች የሚያደርጉት ነገር በየአገሩ ብዙም አይለያይም። ወይ ክፍያ ይጨምራሉ፣ ወይ ሰው ይቀንሳሉ፣ ወይ የማታ ወንበር ይሸጣሉ። የ2008ቱ (እ.ኤ.አ.) የገንዘብ ቀውስ ሲመጣ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በ2009 ኅዳር ላይ የተማሪ ክፍያ በ32 በመቶ ከፍ እንዲል ወሰነ፣ ሠራተኛውንም ያለደመወዝ እረፍት አስወጣ። የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ ደግሞ የቤይሩቱ አሜሪካን ዩኒቨርሲቲ በ2020 ክረምት 850 የሚሆኑ ሠራተኞቹን በአንድ ጊዜ አሰናበተ። ስንት ዓመት የኖረ ትልቅ ተቋም ነው፣ ሆስፒታል ያለው።

እኛ አገር የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አይሠሩም። ክፍያው ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ኮስት ሼሪንግ ነው፤ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ እየተቆረጠ ይከፍላል። ሲመለስም ወደ መንግሥት ካዝና እንጂ ወደ አንተ ላብ አይመጣም። የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ በ2015 ዓ.ም. ወጥቷል፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቀዳሚው ሆኖ ገብቶበታል፣ የቀራችሁት ግን ገና በድሮው መንገድ ናችሁ። ሰው መቀነስም አትችሉም፣ ደመወዝ አይነካም ተብሏል።

ስለዚህ ሦስተኛው ይቀራል። የማታና የቅዳሜና እሁድ ተማሪ አብዝታችሁ የውስጥ ገቢ አምጡ የሚል ሐሳብ በቅርቡ ጠረጴዛህ ላይ ይመጣል፣ ካልመጣ ስሜን ቀይረው። እዚህ ላይ የኡጋንዳውን ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ አስብ። እስከ 1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ድረስ የኡጋንዳ መንግሥት ነበር የሁሉንም የሚከፍለው። በጀት ሲጠፋ ሲቸግር ጤፍ ብድር ሆነበትና ከፋይ ተማሪ መቀበል ጀመረ፣ የማታ ክፍል ከፈተ። አሥርት ዓመቱ ሳያልቅ አብዛኛው ተማሪ ከፋይ ሆነ፣ መምህሩም ትርፍ ገቢ አገኘ፣ ዓለም ሁሉ አጨበጨበ። ከዚያስ? አዳራሹ ያው፣ ላቡ ያው፣ ተማሪው በመስኮት እየሰማ መማር ጀመረ። መምህሩ ቀን የሚያስተምረውን ማታ ደግሞ ያስተምራል፣ ምርምሩ ቀረ። ያ የማታ አበል ተጠራቅሞ ሳይከፈል ሲቀር በ2016 (እ.ኤ.አ.) መምህራኑ ሥራ አቆሙ፣ ፕሬዚዳንት ሙሴቬኒም በዚያው ኅዳር ዩኒቨርሲቲውን ዘጉት። የተከፈተው አዲሱ የፈረንጆች ዓመት ከገባ በኋላ ነው።

የማታ ፕሮግራም አትክፈት አልልህም። ከከፈትክ ግን ከሚገባው ገንዘብ ምን ያህሉ ለላብና ለጥገና እንደሚመለስ አስቀድመህ በጽሑፍ አስወስን። በቃል ከሆነ ሁሉም አበል ሆኖ ይቀራል፣ አይቼዋለሁ።

ከሁሉም ትንሽ ትንሽ መቀነስ ላልከው፣ አታድርገው። ፍትሐዊ ይመስላል፣ ማንም አይቀየምህም፣ ግን ግማሽ ኬሚካል ይዘህ ግማሽ ሙከራ አይሠራም። ሊመለስ የሚችለውንና የማይችለውን ለይ። የተሰበረ ወንበር በሚቀጥለው ዓመት ይጠገናል። ፒፔት ሳይዝ የተመረቀ ልጅን ግን ማን መልሶ ያመጣዋል?

ለሲልቨሩ ደግሞ፣ ዝቃጩን ወደ ቧንቧ አትድፉት። ነጩን ሲልቨር ክሎራይድ በጥቁር ጠርሙስ አጠራቅሙት፣ ብሩ (ማዕድኑ) ይወጣል፣ ከናይትሪክ አሲድ ጋር መልሶ ናይትሬት ይሆናል። ይኸው የአራተኛ ዓመት ተማሪ ፕሮጀክት አገኘህ። የቀረውን በማይክሮስኬል ሥሩ፤ ሃምሳ ሚሊ የሚጠይቀው ሙከራ በጠብታ ይሠራል፣ ተማሪው ሁሉ የየራሱ ይደርሰዋል።

ዶላር ዶላር

ጋሼ ያሉት እውነት ነው ግን ሥሩ ምንዛሬው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሩ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 አካባቢ ነበር፣ በጥቂት ሳምንት ከ100 አለፈ። ኬሚካሉ፣ የላብ መሣሪያው፣ መለዋወጫው፣ የጀነሬተሩ ናፍጣ ሁሉ በዶላር ነው የሚመጣው። በጀትህ በብር ባይቀነስ እንኳ ተቀንሷል። ደግሞ የምግቡን እዩ፣ ለአንድ ተማሪ በቀን 22 ብር ተብሎ ስንት ጊዜ ቆየ! እንጀራው ብቻውን ያን ብር ሊጨርስ። አሁን ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል፣ ጥሩ፣ እስከዚያ ግን ካፌው ይኖር የነበረው ከአቅራቢ በዱቤ እየወሰደ ነው።

ሦስተኛ ዓመት ተማሪ

መምህር፣ እኛንም ጠይቁን። በቡሬቱ ቪዲዮ የሚቀርጹት እኛ ነን 😂 ቀልዱን ትተን፣ እኛ የመስክ ጉዞው ይቀነስ ብለን አንከራከርም፣ የሚያናድደን የቦታው ምርጫ ነው። ሐዋሳ ድረስ ሁለት አውቶቡስ፣ የመምህራን አበል፣ አዳር፣ ከዚያ ፋብሪካ ውስጥ አንድ ሰዓት። ዱከም አፍንጫችን ሥር ነው፣ ኢስተርን ኢንዱስትሪ ዞን እዚያ ነው። ሞጆ የቆዳ ፋብሪካዎቹ አሉ፣ ለኬሚስትሪ ከዚያ የተሻለ ምን ይገኛል፣ ክሮሙም ፍሳሹም እዚያው። ጠዋት ወጥቶ ማታ መመለስ ይቻላል።

ላይብረሪው ግን አይነካ። ዶርም ውስጥ መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር ያለው እዚያ ብቻ ነው፣ ለፈተና ሰሞን ደረጃው ላይ ሳይቀር ይነበባል።

ቪኤይቱ ይሸጥ

እኔ የማይገባኝ፣ ተማሪው እኮ ቀንሷል። በ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ነው፣ በ2017 ተሻሻለ ተብሎ 8.4። ታዲያ ያነሰ ተማሪ ይዛችሁ እንዴት ነው የሚያጥራችሁ?

ጡረታ የወጣሁ መምህር

ወጪው በተማሪ ልክ አይወርድማ። ክፍል ውስጥ ስልሳ ሰው ቢኖርም ሃያ ቢኖርም መምህሩ አንድ ነው፣ አምፖሉ ያው ነው፣ ጥበቃው ያው ነው። በጀቱን የሚመድበው ግን ራስ ቆጥሮ ሊቀንስ ይፈልጋል። በዚያ ላይ ሬሜዲያል የሚባለው መጣ፤ የሁለተኛ ደረጃውን ጉድለት ዩኒቨርሲቲው ያስተምር ተባለ፣ እሱም መምህርና ክፍል ይፈልጋል።

ከተማ ዳር ያለሁ መምህር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ መምህር እርስዎን በተለይ። ንብረት ክፍል ዛሬ ወረድኩ። ከባዮሎጂ ጋር ብንጋራ ሴሚስተሩን የሚያደርስ ኢታኖልና ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ተቀምጧል፣ ሶዲየም ሃይድሮክሳይዱ ክዳኑ ላልቶ ግማሹ ደንጊያ ሆኗል እንጂ።

ለኮሌጁ የማስገባው እንዲህ ነው፦ ከከተማ ውጭ አዳር ያለበት ጉዞ በሙሉ ይቅር፣ ዱከምና ሞጆ ይግባ። የፈተና ወረቀት በሁለት ገጽ ፊትና ጀርባ ይታተም። የኬሚካል መስመር ሳይነካ ሐምሌ ላይ ጥያቄው ይግባ። የቢሮ ዕቃ ዜሮ። የማታ ፕሮግራሙን በተመለከተ የላብ ድርሻው ተጽፎ ካልተወሰነ ትምህርት ክፍላችን አይፈርምም ብዬ አስገባለሁ፣ ካውንስሉ ከተስማማ። የሚቃወሙኝ አሉ፣ ኦቨርሎዱን (የትርፍ ማስተማሪያ ክፍያውን) ለቤት ኪራይ የሚቆጥሩ ሰዎች ናቸው፣ አልፈርድባቸውም።

ሰርቪሱ ከእኔ እጅ ውጭ ነው። ለእሱ መልስ ያለው አላገኘሁም።

ሒሳብ ክፍል

ለሰርቪሱ የነዳጁን 6217 ከጠቅላላ አገልግሎት ጋር ተነጋገሩ፤ ባዶውን የሚመላለስ መስመር አይጠፋም፣ የአንድ ወር የጉዞ መዝገብ ጠይቁና የተሳፋሪውን ቁጥር እዩ። ለኬሚካሉ ደግሞ ደብዳቤው ላይ የአምናውን ዋጋና የዘንድሮውን ፕሮፎርማ ጎን ለጎን አያይዝ። ብዛቱንም በኪሎ ጻፍ። በብር ብቻ ከጻፍከው ጨመርክ ነው የሚሉህ።