ሚያዝያ ላይ በረዶ ተራራ ልወጣ ነው፤ ናዳውን በምን ልወቀው?

የሱሉልታዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሱሉልታ ነው። ወንድሜ ኦስትሪያ፣ ኢንስብሩክ ከሄደ 6 ዓመቱ ነው። ከፋሲካ በኋላ ልጠይቀው እሄዳለሁ። እሱ ሰው የሚያወጣ የገመድ ሊፍት የሌለበትን ተራራ በስኪ፣ በበረዶ መንሸራተቻው፣ ይወጣል፤ እኔንም በበረዶ ጫማ ይዞኝ ሊወጣ ነው። ዳገት አይከብደኝም፤ እንጦጦንና ወጨጫን በእግሬ ወጥቻለሁ። በረዶን የማውቀው ግን ከሰማይ ወርዶ ባቄላችንን ሲያጠፋው ነው። «ጠዋት ደህና ነው፣ ከሰዓት ናዳ አለ» ይለኛል። ለምን? ዝም ብዬ ከምከተለው ራሴ አይቼ ባውቅ ደስ ይለኛል።

ከቡራዩ፦
እህቴ፣ ኢንስብሩክ ባለችበት ክልል፣ ቲሮል፣ 9 ዓመት ኖሬ ነው የተመለስኩት። ጥያቄሽን ሳነብ ልቤ ደነገጠ፣ ደስም አለኝ።

መጀመሪያ ሌሊቱን እይ። ቀን ፀሐይ በረዶውን ታቀልጠዋለች። ውሃው ወደ ውስጥ ይሰርጋል፣ ቅንጣቶቹን ያያያዘው ነገር ይላላል። ሌሊት መልሶ ከረጋ ላዩ እንደ ሲሚንቶ ይጠነክራል። ይህን የሱሉልታ ሰው ያውቀዋል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ካደረ ጠዋት ሜዳው በውርጭ ነጭ ነው። ደመና ካለ ውርጭ የለም። ደመናው እንደ ጋቢ የምድሩን ሙቀት ይይዘዋል። እዚያም ያው ነው። ስትነሱ ኮከብ ካየሽ ጥሩ። ደመና ወይም ዝናብ ካደረ በረዶው አልረጋም፤ «ዛሬ ይቅር» በይው።

ከዚያ እግርሽን ስሚ። ጠዋት ቅርፊቱ ይሸከምሻል። ቆይቶ ላዩ ትንሽ ይለሰልሳል፤ ስኪ የሚንሸራተቱ ሰዎች የሚጠብቁት ሰዓት እሱ ነው። እስከ ቁርጭምጭሚት መስጠም ከጀመርሽ ከቁልቁለቱ ውጡ። እስከ ጉልበት ከሆነ ዘግይታችኋል። ከድንጋይ ሥር የበረዶ ድቡልቡል ሲንከባለል ካየሽም ያው ነው።

ምሥራቅ የሚያየው ፊት መጀመሪያ ይፈታል፣ ቀጥሎ ደቡቡ፣ ከሰዓት ምዕራቡ። እኛ አገር ፀሐይ አናት ላይ ስለምትሆን ይህን ብዙም አናስተውለውም።

አብዛኛው ናዳ የሚነሳው ከ30 ዲግሪ በላይ በሆነ ቁልቁለት ነው። የኮንዶሚኒየም ደረጃ ያህል አስቢው። የቆምሽበት ብቻ ሳይሆን ከራስሽ በላይ ያለውም ይቆጠራል።

አንድ ሚያዝያ ደመና ባደረበት ሌሊት ወጣን። አንዷ ጓደኛችን «ይቅርብን» አለች። ዝም አልናት። ረፋዱ ላይ ከሸለቆው ማዶ ያለው ፊት ወረደ። እርጥብ ናዳ እንደ ደረቁ አይበርም፤ እየጎተተ ይመጣል፣ ሲቆም ግን ድንጋይ ነው። ማንም አልተጎዳም። ያ ዝምታዬ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አንቺ አዲስ ነሽና ብለሽ እንዳትፈሪ፤ ካልመሰለሽ ተናገሪ።

የገበሬ ልጅ፦
ስለ ውርጩ ያልከው ልክ ነው ወንድሜ። አባቴ ሌሊት እየወጣ ሰማይ ያይ ነበር። ግን እኛ ጋ ውርጭ ረባዳው ላይ ይብሳል፣ ጉብታው ላይ ይተርፋል። እዚያስ?

ከቡራዩ፦
ይህን መርሳቴ! እዚያም ቅዝቃዜው ሸለቆው ውስጥ ይተኛል። የመኪናው መስታወት ውርጭ ስለያዘ ላይኛው ቁልቁለት ረግቷል ማለት አይደለም። መርጋቱን ለማወቅ መንገድ ላይ በረዶውን በዱላሽ ውጊው።

ሌላም ልጨምር። የናዳ ማስጠንቀቂያው በየቀኑ በኦስትሪያ ሰዓት 17፣ በእኛ አቆጣጠር ሲነበብ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ለማግስቱ ይወጣል። በሚያዝያ ብዙ ጊዜ የጠዋቱና የከሰዓቱ ደረጃ ይለያያል፤ ሁለቱንም እዪ። ደረጃው ከ1 እስከ 5 ነው። 3 መሐል ስለሆነ ቀላል አይምሰልሽ፤ ብዙ ሰው የሚሞተው ደረጃው 3 በሆነበት ቀን ነው።

የሱሉልታዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ምን መሣሪያ ልያዝ?

ከቡራዩ፦
እያንዳንዳችሁ ሦስት ነገር፦ ምልክት የሚልክና የሚቀበል መፈለጊያ፣ መመርመሪያ ዘንግ፣ አካፋ። የተቀበረ ሰው ዕድሉ ያለው በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ነው። ሄሊኮፕተር አይደርስም፤ የሚያወጣሽ ወንድምሽ ነው፣ እሱንም አንቺ። ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት አንዱን መፈለጊያ በጆንያ ቅበሩና ሰዓት ይዛችሁ ፈልጉት። ደጋግሙት። የኦስትሪያ የተራራ አደጋ ስልክ 140 ነው።

የሱሉልታዋ፦
አሁን ደወልኩለት። ሁለት መፈለጊያ አለው፤ አንዱ የሚስቱ ነው። እሷም አብራን ስለምትወጣ ለእኔ ሦስተኛ ሊከራይ ነው። በደረስኩ ማግስት ግቢያቸው ውስጥ እንለማመዳለን።