አዝማቹ ቤት መምቻዬን አሰረብኝ

ግጥም የምትጽፉ እህት ወንድሞች፣ እስቲ አግዙኝ። ታናሽ እህቴ የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶ አልሞላላትም፤ ዘንድሮ በግል ልትፈተን ነው። ማበረታቻ ግጥም ልሰጣት ብዬ በወል ቤት፣ ስድስት በስድስት ቀለም (በየሐረጉ ስድስት የድምፅ ክፍል ማለት ነው) ጀመርኩ፦

ሌሊቱ ሊነጋ፣ ተነሺ እህት ዓለም፣
ፈተና የጣለው፣ ወድቆ ’ሚቀር የለም።

«ተነሺ እህት ዓለም»ን አዝማች አድርጌ በየሁለት ስንኙ ልደጋግመው ነበር። ግን መጨረሻ ላይ ስለሚውል ሁሌ በ«ለም» ቤት መምታት ግድ ሆነብኝ፤ «ቀለም» እና «ዘላለም» ካለቁ በኋላ ምን ቀረኝ? ወደ ፊት አመጣሁት፦

ተነሺ እህት ዓለም፣ ደግመሽ ተፈተኚ፣
ያለፈው ይለፍና፣ አንቺም ብርቱ ሁኚ።

ቤቱ መታ፤ ግን የትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ የተለጠፈ መፈክር መሰለ! እሷ ደግሞ ምክር ከሸተታት ጆሮዋን ትደፍናለች።

አዝማቹን ላሳሳው፣ በየአራት ስንኙ ላድርገው? ወይስ በየዙሩ ቃሉን ልቀይር? «ተራመጂ» ብል አንድ ቀለም ይተርፋል። ደግሞ «ያለፈው ይለፍና» ላይ ሳድሶቹን (እንደ «ው» እና «ፍ» ያሉትን ስድስተኛ ፊደላት) እንዴት ትቆጥራላችሁ? እኔ ሐረጉ ስድስት ቀለም ነው እላለሁ፣ ጓደኛዬ ሰባት ነው ብሎ ሙጭጭ ብሏል።