መንገድ የሚጠፋባቸው አይጦችና የመርሳት በሽታ፦ የጎንደር የጋራ ጥናታችን ዕቅድ ውይይት

የረቂቁ አዘጋጅ፦

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። የጋራ ጥናታችንን ረቂቅ አቅርቤያለሁ። እስከ ሐሙስ ሐሳባችሁን ጻፉ፤ ቅዳሜ ተገናኝተን እንጨርሰዋለን።

መነሻዬን ልንገራችሁ። እዚህ ጎንደር አንድ አባት ደብረ ብርሃን ሥላሴ አስቀድሰው ሲመለሱ የቤታቸው መንገድ ቢጠፋቸው፣ ቤተሰብ «ጃጅተዋል» ይልና ነገሩ በዚያው ይቀራል። ሐኪም ጋ የሚደርሱት ብዙ ቆይተው ነው። ግን መንገድ መጥፋት ትንሽ ነገር አይደለም። ዋነኛው የመርሳት በሽታ በሆነው በአልዛይመር ታው የሚባለው ፕሮቲን ቀድሞ ከሚጎዳቸው የአንጎል ክፍሎች አንዱ ኢንቶራይናል ኮርቴክስ ነው። የት እንዳለንና ወዴት እንደምንሄድ ከሚያሰሉት ሴሎች ብዙዎቹ ያሉት ደግሞ እዚያውና ጎረቤቱ ሂፖካምፐስ ውስጥ ነው።

ይህን ያስተማሩን አይጦች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1971 ጆን ኦኪፍና ጆናታን ዶስትሮቭስኪ ለንደን ውስጥ የአይጥን ሂፖካምፐስ በቀጫጭን ሽቦዎች ሲያዳምጡ፣ አንዳንድ ሴሎች የሚነቁት እንስሳው አንድ የተወሰነ ቦታ ሲደርስ ብቻ ሆኖ አገኟቸው። የቦታ ሴሎች የምንላቸው እነዚህን ነው። በ2005 ደግሞ የሜይ ብሪትና የኤድቫርድ ሞዘር ቡድን ኖርዌይ ውስጥ የፍርግርግ ሴሎችን አገኘ። አንዱ ሴል ብዙ ቦታ ላይ ይነቃል፤ ቦታዎቹ ወረቀት ላይ ሲወርዱ እንደ ንብ ቀፎ እኩል ተራርቀው ይታያሉ። ኦኪፍና ሁለቱ ሞዘሮች በ2014 የኖቤል ሽልማት ወስደዋል። በ2008 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የአልዛይመር ጂን የገባባቸው አይጦች ሲያረጁ የቦታ ሴሎቻቸው እንደሚደበዝዙ፣ የባሰባቸውም በትውስታ ፈተና ይበልጥ እንደሚሳሳቱ አሳይቷል።

ስለዚህ ረቂቁ የአንጎል እንቅስቃሴ መመዝገቢያ እንዲገዛና የአይጦቹ ትውስታ በሞሪስ የውሃ ገንዳ፣ ማለትም አይጡ እየዋኘ ከውሃው ሥር የተደበቀ መቆሚያ በሚፈልግበት ፈተና፣ እንዲለካ ይላል። በሉ ግቡበት።

የላብራቶሪ ቴክኒሻን፦

መምህር፣ መነሻው ልብ ይነካል። መሣሪያው ላይ ግን ልከራከርዎት።

ሽቦ ለማስገባት የአንጎል ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል። ከዚያ ማጉያው፣ ሶፍትዌሩ፣ ምልክቱን ከሴል ሴል የሚለይ የሰለጠነ ሰው። አሁን እጃችን ላይ ካለው ጋር አይመጣጠንም። ባህሪን በደንብ ብንለካ ይሻላል። ካሜራና ሰዓት ይበቃል።

ገንዳውም ይቅር እላለሁ። ሪቻርድ ሞሪስ የሠራው ራት ለሚባሉት ትልልቆቹ አይጦች ነው፤ እነሱ ጎበዝ ዋናተኞች ናቸው። እኛ ያሉን ማይስ ግን ትንንሽ ስለሆኑ ቶሎ ይበርዳቸዋል። አንዳንዶቹ መፈለጉን ትተው ዝም ብለው ይንሳፈፋሉ። መብራት ሲጠፋ ውሃውን በምን እናሞቃለን? የጎንደርን ጠዋት ታውቁታላችሁ።

የባርነስ ጠረጴዛ ይሁንልን። ካሮል ባርነስ በ1979 ያቀረበችው ነው። ክብ ጠረጴዛ፣ ዳሩ ላይ ዙሪያውን ቀዳዳ፣ ከአንዱ ቀዳዳ ሥር ጨለማ ሳጥን። አይጥ ብርሃንና ገላጣ ቦታ አይወድም፤ ሳጥኑን ይፈልጋል። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ምልክቶች እያየ በቀን በቀን መንገዱ ያጥራል። ለማይስ 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋትና 20 ቀዳዳ የተለመደ ነው። ይህን ፒያሳ ያለ አናጢ ይሠራዋል። አደራ ግን፣ እንጨቱ ጥሬውን አይሁን፤ ሽንትና ሽታ ይመጣል። ላዩ ፎርማይካ ይልበስ። በየሙከራው መሃል በአልኮል ይጠረግ፤ አለዚያ አይጡ ያስታወሰ ይመስለናል እንጂ የራሱን ሽታ ተከትሎ ነው የሚሄደው።

የማስተርስ ተማሪ፦

በጠረጴዛው እስማማለሁ። ጥያቄዬ በሽታውን ከየት እናመጣዋለን የሚል ነው። አይጥ በተፈጥሮው አልዛይመር አይዘውም። ውጭ ያሉት የሚሠሩት የሰው ጂን በገባባቸው አይጦች ነው። እነሱን አስመጥቶ ማራባት ደግሞ ለእኛ ከባድ ነው። ስኮፖላሚን የሚባለውን ለጊዜው የሚያስረሳ መድኃኒት ብንጠቀምስ?

የፋርማኮሎጂ መምህርት፦

ይቻላል፣ ግን ምን እንደምንል እንጠንቀቅ። ስኮፖላሚን አሴቲልኮሊን የሚባለው የአንጎል መልእክተኛ ኬሚካል ሥራውን እንዳይሠራ ያግዳል፤ አይጡ ለጊዜው ይረሳል። መድኃኒቱ ከሰውነቱ ሲወጣ ይመለሳል። በአልዛይመር አንጎል ውስጥ የሚከማቸው አሚሎይድ የሚባል ፕሮቲን አይከማችም፣ የታው ቋጠሮ የለም፣ ሴል አይሞትም። ስለዚህ ርዕሱ ላይ «አልዛይመር» የሚለው ይውጣ። «በመድኃኒት የመጣ ጊዜያዊ መርሳት» እንበለው። አንድ ቅጠል ለአይጥ አጠጥተን «የአልዛይመር መድኃኒት ተገኘ» የሚል ወሬ ከእኛ ቤት እንዲወጣ አልፈልግም። ተስፋ የቆረጠ ቤተሰብ ይሰማናል። ለማነጻጸሪያ ዶኔፔዚል የሚባለውን የአልዛይመር ሕመምተኞች የሚወስዱትን መድኃኒት የሚወስድ ቡድን ይኑር።

ከዚህ ጎን ለጎን ጥቂት አይጦችን እናስረጅ። 18 ወር ያለፈው አይጥ ሽማግሌ ነው። መኖና ትዕግሥት ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ሌላው፣ ብዙ ሰው የሚዘልለው፣ የዓይን ነገር ነው። እዚህ አገር ላብራቶሪ የሚበዛው ስዊስ አልቢኖ የሚባለው ነጭ አይጥ ነው። አልቢኖ አይጥ እይታው ደካማ ነው፤ አንዳንዱ የስዊስ ዘር እንዲያውም ሬቲናው (ብርሃን የሚቀበለው የዓይኑ ክፍል) ገና በልጅነቱ ይበላሻል። የማያይ አይጥ ግድግዳ ላይ የሰቀልነው ሦስት ማዕዘን ምኑ ነው? ረሳ ብለን እንጽፋለን፣ እሱ ግን ከመጀመሪያውም አላየም። ስለዚህ በቅድሚያ ሳጥን ያለበት ቀዳዳ በግልጽ ምልክት ይደረግበትና የማያገኘው ይለይ። ደማቅ ምልክት የማያስፈልገውን የዋይ (Y) ቅርጽ፣ ሦስት ክንድ ያለው መተላለፊያ ፈተናም እንጨምር። ጤነኛ አይጥ አሁን ከወጣበት ክንድ ይልቅ ወዳልገባበት መሄድ ይቀናዋል። ያንን መቁጠር ነው።

ሲስተር፣ ከተመላላሽ ክፍል፦

ሁላችሁንም አነበብኩ። ስለ አይጡ ዓይን ይህን ያህል ተጨንቃችኋል፤ ደስ ይላል። የእናቶቻችንስ ነገር?

የትውስታ መመርመሪያ ስንሰጥ ሰዓት ሳሉ፣ ፊደል ቁጠሩ እንላለን። እርሳስ ጨብጠው የማያውቁ እናት ይሸማቀቃሉ። ውጤቱም ስለ አንጎላቸው ብዙ አይነግረንም። መንገድ ግን ሁሉም ያውቃል። ከቅዳሜ ገበያ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ደብር። ልጆቻቸውን እንጠይቅ፦ በለመዱት መንገድ ጠፍተው ያውቃሉ? አዲስ ቤት ሲያድሩ ሌሊት በሩ ይጠፋቸዋል? ከመቼ ወዲህ? ይህ የዕቅዱ ሁለተኛ ክፍል ይሁን።

መንገድ የጠፋቸው ሁሉ ደግሞ አልዛይመር ነው አይባልም። የታይሮይድ ማነስ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ድብርት፣ የሚወስዱት መድኃኒት ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ ይታከማል። ጠይቀን ብቻ አንመለስ፤ ወደ ምርመራ የምንልክበት መንገድ ዕቅዱ ውስጥ ይጻፍ። ጸበል የሚሄዱትንም አትሂዱ አንበል። ምርመራውን ይጨምሩበት፣ በቃ።

ገንዘብ ያዥ፦

የመመዝገቢያው ግዢ ከወጣ የቀረው ያስኬዳል። ለሲስተር ክፍል የትራንስፖርት ወጪ ይያዝ፤ አዘዞ ድረስ የሚሄድ ሰው ይኖራል።

የረቂቁ አዘጋጅ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የአንጎል ምዝገባውን አውጥቼዋለሁ። ሴሎቹን የምናውቀው ከሌሎች ሥራ ነው፤ የእኛ ጥናት ስለ ሴል አንድም ዓረፍተ ነገር አይደመድምም። ሲስተር ያነሱት ክፍል ሁለተኛ ሳይሆን እኩል ይቀመጣል። ዓላማው አሁን እንዲህ ይነበባል፦

«በማይስ ላይ በመድኃኒት የመጣ ጊዜያዊ መርሳትና እርጅና የቦታ ትውስታን እንዴት እንደሚቀይሩ በባርነስ ጠረጴዛና በዋይ ፈተና እንለካለን፤ እይታቸው ተፈትኖ ያለፉ ብቻ በባርነሱ ውጤት ይቆጠራሉ። በጎንደር ከተማ አረጋውያን ዘንድ መንገድ የመጥፋትን ምልክት ከቤተሰብ እንጠይቃለን፤ ምልክቱ የታየባቸውን ለምርመራ እንልካለን።»

ለእንስሳቱም ለሰዎቹም የሥነ ምግባር ፈቃድ ሳይመጣ አንድም ነገር አይጀመርም። የእንስሳቱን ቁጥር መምህርት ያስሉልን፤ ከሚያስፈልገው በአንድም አይብለጥ። ሲስተር ጥያቄዎቹን በሚነገረው አማርኛ ይጻፉልን። አናጢውን የሚያነጋግረው ማነው?

የላብራቶሪ ቴክኒሻን፦

እኔ አነጋግረዋለሁ። ልኩን ሥዬ ዓርብ እወስድለታለሁ።