ሙት አባቱ በሕልም የመጡበት የእህል ነጋዴ፦ ከፍርሃት የመጣ ንስሐ ይቆጠራል?

ጠያቂ፦
በወሎ በሐይቅ ከተማ አካባቢ ሽማግሌዎች ስለ አንድ እህል ነጋዴ ሲያወጉ ሰምቻለሁ። በ1965 ዓ.ም. ድርቅ ገበሬው በሬውን ሸጦ ወደ ደሴ መንገድ ሲወጣ፣ ይህ ሰው በጉድጓድ ሙሉ ማሽላ ደብቆ ዋጋው እስኪንር ይጠብቅ ነበር ይባላል። ሁለት ቁና ነበረው፤ በትልቁ ይገዛል፣ በትንሹ ይሸጣል፣ ሲሸጥም የቁናውን አፍ በክንዱ ጠርጎ የተረፈውን ወደ ራሱ ይመልሳል። አንድ ሌሊት ቁናዎቹን ያወረሱት ሟች አባቱ በዚያው ጉድጓድ ውስጥ እስከ ደረታቸው በማሽላ ተውጠው ታዩትና «አንተ በሰፈርህ ቁጥር ይጨምርብኛል፤ የሰውን መልስልኝ» አሉት። ሲነጋ ጉድጓዱን ከፍቶ፣ ያጎደለባቸውን ሰዎች በየቤታቸው እየዞረ መለሰ። ይህ ሰው በድንጋጤ ነው የተመለሰው፤ ታዲያ ንስሐው እውነተኛ ነው ትላላችሁ?

መልስ ፩፦
ወንድሜ፣ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ያለው ባለጠጋ ከሞተ በኋላ፣ እንደ እርሱ የሞተው ድሃው አልዓዛር ወደ ወንድሞቹ ሄዶ እንዲያስጠነቅቅለት አብርሃምን ለምኖ ነበር፤ የተሰጠው መልስ ግን ሙሴንና ነቢያትን ካልሰሙ፣ ከሙታን አንድ ቢነሣ እንኳ አያምኑም የሚል ነው። የሙት መምጣት ብቻውን ልብ አይመልስም ማለት ነው። ምዕራፍ 19 ላይ ያለው ዘኬዎስ ግን ሙት ሳይመጣበት የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች ለመስጠት፣ የበደላቸውንም አራት እጥፍ ለመካስ ቃል ገባ። እኔ የነጋዴውን ድንጋጤ አልንቅም፤ ነገር ግን ንስሐ የምለው በየደጁ መዞሩን ነው፤ ያታለሉትን ሰው ዓይን እያዩ እህሉን ማስረከብ በጓዳ ከማልቀስ እጅግ ይከብዳልና።

መልስ ፪፦
እኔ ታሪኩን ከልጁ ይልቅ የአባትየው ጉዳይ አድርጌ አየዋለሁ። በቁርኣን 83ኛው ሱራ ሲቀበሉ አሟልተው፣ ሲሰጡ አጉድለው የሚሰፍሩትን ያወግዛል። በእኛ ዘንድ የሰው ሐቅ በጸሎት ብቻ አይወርድም፤ ባለቤቱ ካልተመለሰለት ወይም ይቅር ካላለ በተበዳሪው ላይ ይቆያል፤ የሟች ዕዳም ውርስ ከመከፋፈሉ በፊት ይከፈላል። በቀብር ላይ ቤተሰቡ «ከሟቹ የሚጠይቅ ካለ ወደ እኛ ይምጣ» ብሎ የሚናገረው ለዚህ ነው። እኒያ አባት የጠየቁት ልጃቸው እንዲያለቅስላቸው ሳይሆን ዕዳቸውን እንዲከፍልላቸው ነው፤ ልጁም የወረሰው ሀብቱን ብቻ አለመሆኑን የተረዳው ያን ጊዜ ይመስለኛል።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። በረሃብ ያለቁትን ወይም አገር ጥለው የሄዱትንስ እንዴት ይክሳቸዋል?

መልስ ፪፦
አስቀድሞ ወራሾቻቸውን አጥብቆ ይፈልጋል። በወሎ አንዱ ቤተሰብ እስላምም ክርስቲያንም ስለሚሆን መስጊድም ቤተ ክርስቲያንም ሄዶ መጠየቅ ይኖርበታል። ፈልጎ ካጣ በባለቤቶቹ ስም ሰደቃ ያወጣዋል፤ በኋላ ወራሽ ቢመጣና ሰደቃውን አልቀበልም ቢል ግን፣ ከራሱ ሀብት ዳግም መክፈል አለበት።