የአልዛይመር ጥፋተኛው የጓጎለው ፕሮቲን ነው ወይስ ያጓጎለው ኬሚካል?

አስተባባሪ፦ በአልዛይመር ሕመምተኞች አንጎል ውስጥ አሚሎይድ ቤታ የሚባል ፕሮቲን ይጓጉላል። በፈረንጆቹ 2004 የአሜሪካው ስክሪፕስ የምርምር ተቋም ተመራማሪዎች፣ ሰውነት ራሱ የሚሠራቸው ኬሚካሎች መጓጎሉን ሊያስጀምሩ ይችላሉ ብለው ጻፉ። እንግዲህ መድኃኒት ፈላጊው የቱ ላይ ያተኩር?

ኬሚስቱ፦ ያጓጎለው ላይ! ብግነት ባለበት ቦታ ኃይለኛ የኦክሲጅን ውሁዶች ይፈጠራሉ። እነሱ ኮሌስትሮልንና ሌሎች ቅባቶችን ሲሰብሩ አልዲሃይድ የሚባል ኬሚካል ይወጣል። አልዲሃይድ ደግሞ እጁ አያርፍም፣ ያገኘው ፕሮቲን ላይ ይለጠፋል። አሚሎይድ ቤታ ብቻውን እንዲጓጉል በርከት ብሎ መከማቸት አለበት። ከተለጠፈበት ግን በጣም ትንሹም ይበቃል። ሁሉም "ፕሮቲኑ ለምን በዛ?" ይላል። ሳይበዛ ቢጓጉልስ?

ተጠራጣሪው፦ ወንድሜ፣ ይሄ ብልቃጥ ውስጥ ነው። እዚያማ ዚንኩም ያጓጉላል፣ መዳቡም ያጓጉላል። ሕይወት ባለው ሰው አንጎል ውስጥ የቱ እንደቀደመ ማን አየ? የጓጎለው ራሱ ብግነት ቀስቅሶ አልዲሃይዱን ወልዶት ቢሆንስ?

ኬሚስቱ፦ ሊሆን ይችላል። አንዱ ሌላውን ያባብሳል። ለዛ እኮ ነው ከመነሻው እንያዘው የምለው።

ነርሷ፦ የጓጎለውን የሚያጸዳው ሌካኔማብ የተባለ መድኃኒት፣ 18 ወር በፈጀው ሙከራ የበሽታውን መባባስ በ27 በመቶ አዘግይቷል። አዘገየ እንጂ አላቆመም። አንዳንዱ ላይ የአንጎል እብጠትና መድማት ያመጣል። ደግሞ አንጎላቸው ውስጥ ብዙ ክምችት ተገኝቶ አእምሯቸው ደህና የነበረ አረጋውያንም አሉ።

ተጠራጣሪው፦ 27 በመቶም ቢሆን ሰው ላይ የታየ ነው። የአልዲሃይዱ ነገር ሰው ላይ ምን አሳየ?

የታማሚዋ ልጅ፦ ይቅርታ፣ ላቋርጣችሁ። እናቴ አልዛይመር አለባት። "ኦክሲጅን የሚያመጣውን ጉዳት ይከላከላል" ሲሉኝ ቪታሚን ኢ ገዛሁላት። ትናንት እንክብሉን መዳፏ ላይ አገላብጣ አየችውና "ይቺ የማን ልብስ ቁልፍ ናት?" አለችኝ። አሁን ይሄ ነገር ይጠቅማታል?

ኬሚስቱ፦ አይዞሽ እህቴ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ለእኔ ሐሳብ የማይመች ቢሆንም። በ2005 የወጣ ሙከራ መለስተኛ የማስታወስ ችግር ላለባቸው ሰዎች ቪታሚን ኢ ለ3 ዓመት ሰጠ። ወደ አልዛይመር ከማለፍ አላዳናቸውም። እርግጥ ቪታሚኑ አንዴ የተለጠፈውን አይነቅልም...

ተጠራጣሪው፦ ተው፣ አታድበስብስ!

ነርሷ፦ የ2014ቱም አይረሳ። በሽታው ቀድሞ የያዛቸው ሰዎች ላይ የዕለት ተዕለት ነገራቸውን የማከናወን አቅማቸው የሚያሽቆለቁልበትን ፍጥነት ቀነስ አድርጎታል። ትውስታቸውን ግን አላሻሻለም። የኔ እህት፣ ሐኪሟን ሳትጠይቂ አትስጫት። ደም ማቅጠኛ የምትወስድ ከሆነ፣ በዛ ያለ ቪታሚን ኢ መድማት ሊያባብስ ይችላል።

የታማሚዋ ልጅ፦ ውይ፣ ትወስዳለች እኮ! በቃ እንክብሉን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። ነገ ጠዋት ሐኪሟ ጋ እደውላለሁ።