ልቤ ተሻለው፣ ተረከዜ ግን አላስኬድ አለኝ

ሰላም ለእናንተ። የ52 ዓመት ሰው ነኝ፣ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ከአምስት ወር በፊት የልብ ቫልቭ ተቀይሮልኛል። የገባልኝ ሰው ሠራሹ ነው፤ ሌሊት ቤቱ ጸጥ ሲል ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማል። ባለቤቴ "ሰዓት ዋጥክ እንዴ?" እያለች ትቀልድብኛለች።

ሐኪሜ በቀን 30 ደቂቃ በእግር ሂድ ብሎኛል። ከአምስት ደቂቃ ጀምሬ 25 ደርሼ ነበር። ትንፋሼ ጥሩ ነው፣ ደረቴም ድኗል። ችግሩ እግሬ ነው። ጠዋት ከአልጋ ወርጄ ገና መሬት ስረግጥ ቀኝ ተረከዜን ሚስማር የወጋኝ ያህል ያመኛል። ትንሽ ስንቀሳቀስ ይለቀኛል። ከዚያ የሰፈራችንን ኮብልስቶን ይዤ አሥር ደቂቃ ስሄድ ተመልሶ ይመጣል። ጫማዬም ሶሉ ያለቀ ሸራ ነው፣ መቼስ ምን ልደብቅ።

ጎረቤቴ ዳይክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ዋጥበት አለኝ። እኔ ግን ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን ነው የምወስደው። ሁለቱ አንድ ላይ ደም ሊያፈስሱ ይችላሉ፣ ስለዚህ አልነካውም። ለጊዜው በሃይላንድ የሞላሁትን ውሃ በረዶ አድርጌ ከእግሬ ሥር አንከባልላለሁ። ያስታግሳል እንጂ አላዳነኝም።

ቀጠሮዬ ገና ሦስት ሳምንት ይቀረዋል። ከልብ ቀዶ ጥገና በኋላ እንዲህ የገጠመው አለ? ተረከዜ እስኪሻለው የማይንቀሳቀሰውን ብስክሌት ብነዳ ይሻላል? ጫማ ውስጥ የሚገባው ስፖንጅስ የረዳው ሰው አለ? ቁጭ ብዬ መዋሉን ፈራሁት።